ልዩ ፍላጎት ላላቸው ጨቅላ ሕፃናት ቀድሞ መድረስ፦ የቤተሰብ ግንዛቤና የአገልግሎት ትስስር

አንድ ሕፃን ከአካል ጉዳት ወይም ከእድገት መዘግየት ጋር ሲወለድ ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግልጽ መረጃ ነው። የሕፃኑ ሁኔታ ምንድን ነው? ምን ሊደረግለት ይችላል? የት? መቼ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጊዜ መልስ ያገኘ ቤተሰብና ያላገኘ ቤተሰብ የሚደርሱበት ቦታ እጅግ ይራራቃል። በአንዳንድ የጤና ችግሮች ረገድ ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሳምንታት፣ በሌሎቹ ደግሞ ቀናት ናቸው። ይህ ጽሑፍ በአገራችን ልዩ ፍላጎት ያላቸው ጨቅላ ሕፃናት ዘግይተው ወደ አገልግሎት የሚመጡበትን ምክንያት ይመረምራል፤ ቤተሰብ በቤት ውስጥ ሊያስተውላቸውና ሊያደርጋቸው የሚገቡ ተግባራትን፣ እንዲሁም በሕግ የተረጋገጡ መብቶችንና ያልተሟሉ አገልግሎቶችን ያመለክታል።

ጽንሰ ሐሳቡና የተለመደው አረዳድ

"ልዩ ፍላጎት" የሚለው አገላለጽ በአገራችን በስፋት የታወቀው ከትምህርት ጋር ተያይዞ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ወላጆች ጉዳዩ የሚጀምረው ልጁ ለትምህርት ሲደርስ እንደሆነ አድርገው ይረዱታል። የልጅ አእምሮ ግን በፍጥነት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። በእነዚህ ዓመታት ድጋፍ ያላገኘ ሕፃን ትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርስ ሊስተካከል ይችል የነበረው ችግር ሥር ሰድዶ ይገኛል።

በጨቅላነት ዕድሜ ትኩረት የሚሹ ሁኔታዎችን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ በውልደት ወቅት በዓይን የሚታዩ ናቸው፤ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፣ ቆልማማ እግር፣ የጀርባ አጥንት ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ችግር (ስፓይና ቢፊዳ) እና የጭንቅላት ውኃ መቋጠር (ሃይድሮሴፋለስ) በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሁለተኛዎቹ በውልደት ጊዜ ሊጠረጠሩ ቢችሉም ምርመራ የሚፈልጉ ናቸው፤ ዳውን ሲንድረም ዋነኛው ምሳሌ ነው። ሦስተኛዎቹ ቀስ በቀስ የሚገለጡ ናቸው፤ ሴሬብራል ፓልሲ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ይጠቀሳሉ። ቤተሰብ ትልቁን የማስተዋል ድርሻ የሚወስደው በዚህ በሦስተኛው ክፍል ነው፤ ሕፃኑን ቀንና ሌሊት የሚያየው ሌላ የለምና።

ልየታ ለምን ይዘገያል?

የመጀመሪያው ምክንያት ትዕግሥት የሚመስል መዘናጋት ነው። ሕፃኑ አንገቱን ሳያቀና ወይም ሳይቀመጥ ሲቀር "ቆይቶ ይሄዳል"፣ "አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው" ይባላል። "ልጅ በእድሉ ያድጋል" የሚለው ብሂልም ለተጨነቀች እናት ማጽናኛ ሆኖ ይነገራል። በእርግጥ ሕፃናት ሁሉ እኩል አይራመዱም፤ ዘግይተው የሚደርሱና ምንም ችግር የሌለባቸው ብዙ ናቸው። ሆኖም መዘግየቱ የተፈጥሮ ልዩነት መሆኑን ወይም የችግር ምልክት መሆኑን መለየት የሚቻለው በምርመራ ነው። ተመርምሮ ደኅና ሆኖ የተገኘ ሕፃን ቤተሰብ የሚያጣው ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ሳይመረመር የቀረው ሕፃን ግን የሚያጣው መልሶ የማይገኝ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጥፋተኛ ፍለጋ ነው። በአራስ ቤት የሚነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ "ምን ይደረግለት?" ሳይሆን "ከማን ዘር መጣ?" የሚል ይሆናል። እርግማን፣ የቡዳ ዓይን ወይም የእናትየው ጥፋት ተደርጎ ይወራል። ይህ ወሬ ሁለት ጉዳቶችን ያስከትላል፤ እናቲቱን ያሳቅቃል፣ ሕፃኑንም ከጎረቤት ዓይን እንዲሸሸግ ያደርጋል። የተሸሸገ ሕፃን ክትባት ያመልጠዋል፣ የልደት ምዝገባ ይቀርበታል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞርም ሳይታይ ይቀራል። ዳውን ሲንድረም በሕፃኑ ሕዋሳት ውስጥ አንድ ተጨማሪ ክሮሞሶም በመገኘቱ የሚከሰት ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ ደግሞ በማደግ ላይ ያለ አእምሮ ላይ ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከወሊድ በኋላ በሚደርስ ጉዳት ይመጣል። ሁለቱም ከወላጅ ሥነ ምግባር ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ሦስተኛው ምክንያት ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ናቸው። መጥባት ያቃተውን ወይም በተደጋጋሚ የሚያስመልሰውን ሕፃን እንጥል ማስቆረጥ፣ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ግግ ማስወጣት፣ የደነዘዘ ወይም የሚንቀጠቀጥ አካሉን መተኮስ ዛሬም በአንዳንድ አካባቢዎች ይፈጸማል። እነዚህ ድርጊቶች ለደም መፍሰስ፣ ለኢንፌክሽንና ለሞት ከመዳረጋቸውም በላይ እውነተኛው ችግር እንዳይፈለግ ያደርጋሉ። ሃይማኖታዊ ሥርዓቶችን በሚመለከት ጸሎትም ሆነ ጠበል ለቤተሰብ መጽናኛ መሆኑ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን የተጀመረ መድኃኒትን፣ በተለይም የሚጥል በሽታ መድኃኒትን፣ ለማቋረጥ ወይም የቀዶ ሕክምና ቀጠሮን ለማሳለፍ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

አራተኛው ምክንያት በአገልግሎት ሰጪው በኩል ያለ ነው። እናት ልጇን ለክትባት ይዛ ስትመጣ መርፌው ተሰጥቶ ካርዱ ተሞልቶ ትሸኛለች፤ "ይስቃል? አንገቱን ያቀናል? ድምፅ ሲሰማ ይዞራል?" የሚሉት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ የሚቀሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እናቲቱ ራሷ ስጋቷን ስትገልጽም "ጊዜ ስጪው" የሚል መልስ ይሰጣት ይሆናል። ስለዚህ ቤተሰብ ስጋቱን በግልጽ የመናገርና ተጨማሪ ምርመራ የመጠየቅ መብት እንዳለው ሊያውቅ ይገባል።

የክትባት ቀጠሮ እንደ ልየታ ዕድል

በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር መሠረት ሕፃናት እንደተወለዱ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታት፣ ከዚያም በ9 እና በ15 ወራት ወደ ጤና ተቋም ይመጣሉ። እያንዳንዱ ቀጠሮ የሕፃኑን እድገት ለማየት ምቹ አጋጣሚ ነው። ወላጆች ከቀጠሮው በፊት የሚከተሉትን አስተውለው እንዲመጡ ይመከራል።

በ6 ሳምንት ቀጠሮ፦ ሕፃኑ በሚገባ ይጠባል? በሁለቱም ወገን እጅና እግሩን እኩል ያንቀሳቅሳል? በድንገተኛ ድምፅ ይደነግጣል? የዓይኑ ብሌን ጥቁር ነው ወይስ ነጭ ነገር ይታይበታል?

በ14 ሳምንት ቀጠሮ፦ ለሚያናግረው ሰው ፈገግ ይላል? የሰውን ፊት በዓይኑ ይከተላል? ሲያቅፉት አንገቱን ለማቅናት ይሞክራል?

በ9 ወር ቀጠሮ፦ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል? ዕቃ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል? ድምፅ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይዞራል? "ባባ"፣ "ዳዳ" የሚሉ ድምፆችን ያወጣል?

በ15 ወር ቀጠሮ፦ በድጋፍ ወይም ያለ ድጋፍ ይቆማል? ስሙ ሲጠራ ይመለሳል? የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ያመለክታል? እስከ 18 ወር ድረስ ያልተራመደ ሕፃን ሊመረመር ይገባል።

ከእነዚህ በተጨማሪ በማንኛውም ዕድሜ ትኩረት የሚሹ ምልክቶች አሉ። የሰውነት ከልክ በላይ መልፈስፈስ ወይም መገተር፣ እግሮች እንደ መቀስ መጠላለፍ፣ ከአንድ ዓመት በፊት አንድ እጅን ብቻ አዘውትሮ መጠቀም፣ መንቀጥቀጥ፣ እንዲሁም ቀድሞ ያደርገው የነበረውን ነገር መተው በማንኛውም ጊዜ ለባለሙያ ሊነገሩ ይገባል። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ዕድሜ ሲሰላ ቀድሞ የተወለደባቸው ሳምንታት ተቀንሰው መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የስድስት ወር ሕፃን ከአራት ወር ሕፃን ጋር ይነጻጸራል።

የመስማት ችግርን በተመለከተ የቤተሰብ ዓይን በእጅጉ ያስፈልጋል። አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን የመስማት አቅም በመሣሪያ መለካት በአገራችን የተለመደ አገልግሎት ባለመሆኑ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ልጁ ሳይናገር ሲቀር ነው። መስማት የተሳነው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ማንኛውም ሕፃን ድምፅ ስለሚያወጣ ወላጆች ሊዘናጉ ይችላሉ።

ጊዜ የማይሰጡ ሁኔታዎች

ስፓይና ቢፊዳ፦ በጀርባው ላይ ክፍት ቁስል ወይም ከረጢት መሰል እብጠት ይዞ የተወለደ ሕፃን በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ቢያገኝ ይመረጣል። እስከዚያው ድረስ ሕፃኑ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛል፤ ቁስሉ ባለሙያ በሰጠው ንጹሕና እርጥብ ፋሻ ይሸፈናል። ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ዱቄት ቁስሉ ላይ ማድረግ ኢንፌክሽንን ወደ አእምሮ ሊያደርስ ይችላል። ዘግይቶ የደረሰ ሕፃንም ከሕክምና ውጭ አይሆንም፤ "አልፎበታል" ብሎ ቤት ማስቀረት አይገባም።

የጭንቅላት ውኃ መቋጠር፦ የጭንቅላት መጠን በፍጥነት መጨመር፣ የእርግብግቢት መወጠር፣ ማስመለስና ዓይኖች ወደ ታች ብቻ ማየት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። የተጠራቀመው ፈሳሽ አእምሮን እየተጫነ ስለሚሄድ እያንዳንዱ የመዘግየት ሳምንት ጉዳቱን ያሰፋል። ሕክምናው ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያስተላልፍ ቱቦ በማስገባት ወይም በአእምሮ ውስጥ መውጫ በመክፈት ይሰጣል። ቱቦ የገባለት ሕፃን ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከታየበት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መመለስ አለበት፤ ቱቦው ተደፍኖ ወይም ተመርዞ ሊሆን ይችላልና።

ቆልማማ እግር፦ ፖንሴቲ በሚባለው ዘዴ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ችግር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጀመር ሥራው ይቀላል። አብዛኛው ሕክምና የሚከሽፈው ጄሶው ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው፤ እግሩ ቀና ሲል ቤተሰብ "ድኗል" ብሎ ልዩ ጫማውን ያወልቃል። ጫማው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀኑን ሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ፣ ከዚያም በእንቅልፍ ሰዓት እስከ አራትና አምስት ዓመት ዕድሜ ድረስ ካልተደረገ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል።

የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፦ የከንፈር ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው ከሦስተኛው ወር ጀምሮ፣ የላንቃው ደግሞ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ይሠራል። እስከዚያ ድረስ የሕፃኑን ሕይወት የሚወስነው አመጋገቡ ነው። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት ለመሳብ ስለሚቸገር እናቲቱ ወተቷን አልባ፣ ሕፃኑን ቀና አድርጋ ይዛ፣ በኩባያ ወይም በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ልትሰጠው ይገባል። ክብደቱ ያልጨመረ ሕፃን ለቀዶ ሕክምና ዝግጁ አይሆንም።

የሰውነት ቢጫ መሆን፦ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የታየ፣ ወደ መዳፍና ውስጥ እግር የደረሰ ወይም ሕፃኑን ከመጥባት ያገደ ቢጫነት በዚያው ቀን ሕክምና ይፈልጋል። ፀሐይ ማሞቅ የሆስፒታሉን የብርሃን ሕክምና አይተካም። ሳይታከም የቆየ ከፍተኛ ቢጫነት አእምሮን በመጉዳት ለሴሬብራል ፓልሲና ለመስማት ችግር ይዳርጋል። እንዲሁም በዓይኑ ብሌን ላይ ነጭ ነገር የታየበት ሕፃን በአስቸኳይ ወደ ዓይን ሐኪም ሊላክ ይገባል፤ አእምሮ ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ዘግይቶ የተነሳ ሞራ ሙሉ ዕይታን ላይመልስ ይችላል።

የቤት ውስጥ እንክብካቤ

ለብዙዎቹ ሁኔታዎች የሕክምናው ትልቁ ክፍል የሚካሄደው በቤት ውስጥ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ወይም አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ መመገብ የለበትም፤ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ደግፎ በማስቀመጥ፣ አንገቱን በጥቂቱ ወደ ፊት በማድረግ፣ በትንሽ ማንኪያና በዝግታ መመገብ ይገባል። በግድ መጋት ፈጽሞ አይፈቀድም። ቀኑን ሙሉ በአንድ አኳኋን ማስተኛትም መገጣጠሚያዎችን ያደርቃል፤ በመሆኑም አቀማመጡን መቀያየር፣ በጎኑ ማስተኛት፣ ነቅቶ ሳለ ለአጭር ጊዜ በሆዱ ማስተኛትና ከባለሙያ የተማሩትን እንቅስቃሴ ገላ በማጠብና ልብስ በመቀየር ሰዓት ማሠራት ይቻላል።

ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር አብሯቸው ስለሚወለድ የልብ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ የመስማት፣ የማየትና የእንቅርት ዕጢ ክትትልም እንዲሁ። ሰውነታቸው የሚልፈሰፈስ በመሆኑ መጥባት ቢያስቸግራቸውም በትዕግሥት አብዛኞቹ ጡት መጥባት ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ሕፃኑ እንደ ማንኛውም ሕፃን ሊያናግሩት፣ ሊዘፍኑለትና ሊያጫውቱት ይገባል። የማይመልስ የሚመስል ሕፃን የሚያናግረው ሰው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህም መዘግየቱን ያባብሳል። መጫወቻ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ የእንጨት ማንኪያ፣ ኩባያና ባለ ቀለም ጨርቅ በቂ ናቸው።

የእናት ጤናም የእንክብካቤው አካል ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ዘወትር ማልቀስና ተስፋ መቁረጥ ሲበረታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መናገር ይገባል። አባት ሸክሙን ለእናቲቱ ብቻ ትቶ ሲሸሽ ሕፃኑ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል፤ አንዷ በድካም ትወድቃለችና። ወደ ሕክምና አብሮ የሄደ አባት የባለሙያውን ማብራሪያ በጆሮው ስለሚሰማ በቤተሰብ ውስጥ የሚነሳው ክስ ይበርዳል።

መብትና አገልግሎት

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 23 መንግሥታት ልጆችን መደበቅን፣ መተውንና ችላ ማለትን ለመከላከል ለቤተሰብ ፈጥኖ የተሟላ መረጃና ድጋፍ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ስለዚህ መረጃ ማግኘት ለቤተሰብ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን መብቱ ነው።

ወላጆች በተግባር የሚከተሉትን ቅደም ተከተሎች ቢይዙ ይጠቀማሉ። በመጀመሪያ የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ90 ቀናት ውስጥ ይከናወን፤ ማንኛውም ጉዳት ሕፃኑን ከምዝገባ አያስቀርም። ቀጥሎ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄደው የሪፈራል ወረቀት ይያዙ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈራል ቅደም ተከተሉን ካልጠበቁ ወጪውን ራሳቸው ለመሸፈን ሊገደዱ ስለሚችሉ ይህን መጠበቅ ይገባል። የክትባት ካርድ፣ የመውጫ ማስረጃና የምርመራ ውጤቶች በአንድ ላይ ተጠብቀው በየቀጠሮው ይቅረቡ። በኢኮኖሚ የተቸገሩ ቤተሰቦች በወረዳቸው ያለውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አነጋግረው ለድጋፍ ስለሚመለመሉበት ሁኔታ እንዲጠይቁ ይመከራል።

ቀሪ ክፍተቶች

በዚህ ዘርፍ የሚታየው ትልቁ ክፍተት የአገልግሎቱ መራራቅ ነው። በአገራችን የልዩ ፍላጎት አገልግሎት ታሪክ ውስጥ ብዙ ማዕከላት የተወለዱት ከወላጆች ጥረት ነው። በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና በቀድሞው አፈ ጉባኤ በአቶ አባዱላ ገመዳ የተመሠረተው በዳውን ሲንድረም ላይ የሚሠራው ዲቦራ ፋውንዴሽን ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ይህ የሚያስመሰግን ቢሆንም ማዕከላቱ በዋና ከተማዋ ላይ መከማቸታቸው አልቀረም። በገጠር ወረዳ የምትኖር እናት ለየሳምንቱ ፊዚዮቴራፒ አዲስ አበባ ልትመላለስ አትችልም። መፍትሔው ክህሎቱን ወደ እናቲቱ መውሰድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያ ተጣጥሞ የተሞከረው የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠና ልዩ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች ወላጆችን ማሠልጠን እንደሚችሉ ያሳየ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት የሥራ ሕጉን ይመለከታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት፣ ለአባት ደግሞ 3 ቀናት ከክፍያ ጋር ይሰጣል። ተደጋጋሚ ቀጠሮ ላለበት ሕፃን ወላጅ ይህ በቂ አይደለም፤ በመሆኑም አሠሪዎች በስምምነት የሥራ ሰዓትን የሚያመቻቹበት መንገድ ሊበረታታ ይገባል።

ሦስተኛው መከላከልን ይመለከታል። የአከርካሪ ክፍተት የሚፈጠረው እርግዝናው በጀመረ በአራት ሳምንታት ውስጥ፣ ማለትም ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። በመሆኑም በእርግዝና ክትትል ላይ የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ ለዚህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል። በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ መጽደቁ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ በየሠፈሩ ወፍጮ አስፈጭቶ የሚመገበው ቤተሰብ በዚህ አይደረስም። ስለሆነም ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች አስቀድመው ፎሊክ አሲድ እንዲጀምሩ፣ በተለይ ከዚህ ቀደም ይህ ችግር ያለበት ሕፃን የወለዱ እናቶች ደግሞ ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋቸው ከማርገዛቸው በፊት ሐኪም እንዲያማክሩ ይመከራል።

በአጠቃላይ ቀድሞ መድረስ የአንድ ተቋም ሥራ አይደለም። ቤተሰብ ያስተውላል፣ የጤና ባለሙያ ይመረምራል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያገናኛል፣ ጎረቤትም ከወሬ ይልቅ እጁን ይዘረጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የሚጎዳው ራሱ መናገር የማይችለው ሕፃን ነው። ስለ ልጃቸው እድገት ስጋት ያደረባቸው ወላጆች የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ እናሳስባለን።